እሬቱና ግራጫዋ ላፕቶፕ

ስሙን ያወጡለት የላፕቶፕ ነጋዴዎች ናቸው። «እሬቱ» ሲሉት ስድብ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። በጋዜጣው የኋላ ገጽ ላይ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ላፕቶፕ ይገመግማል። ገመገመ ከማለት ገረፈ ማለት ይቀላል። ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ ስክሪኑ የታመመ ሰው ዓይን ይመስላል፤ ድምፁ ጣሳ ውስጥ የገባች ትንኝ ነው። እንዲህ እያለ ሲወርድበት ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንባቢ በቃሉ የያዛትን ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣል፦ «በዚህ ገንዘብ አሮጌውን ግዙ።»

አሮጌው ማለት የራሱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው። ድሮ የትልልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጆች ብቻ ይይዙት የነበረ፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጥጋጥጉ የተላጠ ላፕቶፕ። «ሽማግሌው» ይለዋል። አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ሲመጣለት ከሽማግሌው ጎን ያስቀምጠውና ሁለቱን እኩል ያስነሳቸዋል። ወፍራም ሰነድ ያስከፍታቸዋል፤ ፊልም ያስጀምራቸዋል፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ገጽ ይጽፋል። ከዚያ ክዳናቸውን በአንድ ጣት ያነሳል። ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሳይነቃነቅ ይከፈታል። ርካሾቹ ክዳናቸው ሲነሳ ወገባቸውም አብሮ ይነሳል። እሬቱ ይህን ባየ ቁጥር በአፍንጫው ይስቃል።

ጋዜጣው ቤት የገባው አራሚ ሆኖ ነው። የሰው ስህተት እየለቀመ ደሞዝ ሲበላ ኖሮ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ የኋላ ገጹ ተሰጠው። ሥራው አልተለወጠም፤ የሚለቀመው ስህተት ብቻ ተለወጠ። ሚስቱ ጥላው ስትሄድ፣ «ከጎኔ ማንን አስቀምጠህ እንደምትለካኝ ሳላውቅ ዕድሜዬ አለቀ» ብላዋለች። ይህን ለሥራ ባልደረቦቹ የነገራቸው ራሱ ነው፤ ሲነግራቸውም ጥሩ ዓረፍተ ነገር መሆኑን አልሸሸገም።

አንዲት ታናሽ እህት አለችው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበረች። የሌላ ሰው ብር መቁጠር ሰለቸኝ ብላ ለቀቀች፤ ከአባታቸው የደረሳትን ሸጠች፤ ሰው በሚበዛበት መተላለፊያ ላይ ጠባብ ሱቅ ተከራየች። ከፊት ለፊት መስታወት፣ ከኋላ መስኮት የሌለው መጋዘን። መጋዘኑን እስከ ጣራው የሞላችው በአንድ ዓይነት ላፕቶፕ ነው፤ ግራጫ፣ ቀጭን፣ ከሁሉ የረከሰ። ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ምክር የሰጣት ሰው ሞልቶ ነበር። ሁለተኛውን ባላ የምትገዛበት አልነበራትም። ግራጫዋ ከተሸጠች ሱቁ ይቆማል፤ ካልተሸጠች ባንክ ቤት ደጅ ሄዳ የለቀቀችውን ሥራ ልትለምን ነው።

እሑድ ቀን እናታቸው ቤት ተገናኙ። ሰሃኑ ከጠረጴዛው ሳይነሳ እህቱ ከቦርሳዋ ግራጫዋን አውጥታ ፊቱ አኖረችለት።

«ጋሼ፣ ይቺን ገምግማት።»

እሬቱ ገለበጣት። ክዳኗን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ እንደ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ገባ ወጣ አለ። ከዚህ የጠነከረ የክብሪት ሳጥን አይቻለሁ አለ። እህቱ አልተቆጣችም፤ ከዚህ የባሰ ጠብቃ ነበር የመጣችው። ከምን ጎን ልታስቀምጣት ነው ብላ ብቻ ጠየቀችው። እንደ ሁሉም ከሽማግሌው ጎን ነው፣ ለዘመድ የተለየ ሚዛን የለኝም አላት። ያን ጊዜ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ሽማግሌህ አሮጌ ነው ትላለህ። ባትሪውን ስንቴ ቀየርክለት? ዲስኩን አውጥተህ አዲስ ከተትክለት። ሚሞሪ ጨመርክለት። ማራገቢያውን በብሩሽ ትጠርግለታለህ። ልቡን ቀይረህ፣ ሳንባውን ቀይረህ፣ የቀረው ቆዳው ነው። ከዚያ የኔዋን ከሱ ጋር ታሯሩጣታለህ። ሰው ገበያ ሄዶ የሚያገኘው ያንተን ሽማግሌ ነው እንዴ?»

እናታቸው ሰሃን እየሰበሰቡ እውነቷን ነው አሉ። ይሄ ልጅ ሰርግ ቤት እንኳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የተሰበረውን ወንበር ነው አሉ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሁለቱ ሲጣሉ መሃል መቆም ድሮ ሰልችቷቸዋል።

እሬቱ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር መቼ ጠፋ አለ። በግራጫዋ ዋጋ የሽማግሌውን እኩያ የሚሰጥ ነጋዴ እልፍ ነው።

«አንተ ገዝተህ ታውቃለህ?» አለችው።

ገዝቶ አያውቅም። ሽማግሌውን ያገኘው የጋዜጣው ሥራ አስኪያጅ አዲስ ሲሰጣቸው አሮጌውን ጥለውለት ነው። ግራጫዋን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሊገመግማት ብቻ አልነበረም። እህቱን ሊያሳፍራት ነበር።

በማግስቱ የግራጫዋን ዋጋ ኪሱ ከቶ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምድር ቤት ወረደ። ጣራው ዝቅ ያለ፣ የቀለጠ ቆርቆሮ የሚሸት፣ ሱቁ ሁሉ ከቁም ሳጥን የማይሰፋ ቦታ ነው። አምዱ ላይ ፎቶው ስለማይወጣ ማንም አላወቀውም። አንደኛው ሱቅ የሽማግሌውን ዓይነት የለኝም አለው። ሁለተኛው አለኝ ብሎ የግራጫዋን እጥፍ ጠራ። ሦስተኛው፣ ማጉያ መነጽር ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ፣ በያዘው ገንዘብ የሚሆን አንድ አለኝ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ጎተተ።

እሬቱ ዋጋው ለምን እንዲህ ተሰቀለ ብሎ ጠየቀ።

«ይሄ እኮ ድሮ የሚያነሳው የለም ነበር» አለ ነጋዴው። «አንድ ጋዜጠኛ አለ፣ እሬቱ የሚሉት። አሮጌውን ግዙ፣ አሮጌውን ግዙ እያለ ሰማይ አደረሰልን። ዕድሜውን ያርዝመው።»

እሬቱ አሜን አላለም። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል አለው። ቻርጀሩን እስካልነቀልክ የትም አይሄድም አለው ነጋዴው። ዋስትናውስ?

«ዋስትናህ እኔ ነኝ። ነገም እዚሁ ታገኘኛለህ። ካጣኸኝ ሞቻለሁ ማለት ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ አትከስም።»

ምድር ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። ደህና ባትሪ ያለው ሲገኝ ዋጋው ከግራጫዋ ይበልጣል፤ ዋጋው ሲገጥም አንድ ነገሩ ሞቷል። ዞሮ ዞሮ ወደ ባለ ማጉያው ተመለሰና ከጠረጴዛው ሥር የወጣውን ገዛ።

ቤቱ ሦስት ላፕቶፕ ተደረደረ፤ ሽማግሌው፣ ከገበያ የመጣው ወንድሙ፣ ግራጫዋ። ወንድምየው ክዳኑ በአንድ ጣት ተከፈተ። እሬቱን ደስ አለው። ኪቦርዱ ጣትን በደስታ የሚያስለቅስ ነው፤ እንዲህ ያለ ኪቦርድ ዛሬ ርካሽ ዕቃ ላይ አይሠሩም። ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈ፤ ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ጨለመ። ባትሪው አንድ ገጽ እንኳ አላስጻፈም። ቻርጀሩን ሰካው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ተነሳ። ስክሪኑ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወረደ። አንደኛው ቁልፍ በጡጫ ካልሆነ አልሰማ አለ። ከሰዓት በኋላ ራሱን አጠፋ፤ የጻፈለትን ሁሉ ይዞ ሄደ።

ወደ ግራጫዋ ዞረ። እንድትወድቅለት ፈልጎ ነበር። መስኮት ዳር አስቀመጣት፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ስክሪኗ ላይ ከራሱ ፊት በስተቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ብዙ ሥራ በአንዴ አሸከማት፤ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆመች፣ ከዚያ እያዘገመች ቀጠለች። በካሜራዋ ራሱን አየ፤ አመድ የተነፋበት ሰው መሰለ። ማጠፊያዋ ሲጢጥ ይላል። ሁሉንም ጻፈ፤ አንድም አላለፈላትም። ግን ጠዋት ከቻርጀሩ ተነቅላ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሠራች። የጻፈባት ገጽ ሁሉ ሳይጎድል አለ። አንድ ተማሪ ሊያነብባትና ሊጽፍባት ቢይዛት ታደርሰዋለች። ወንድምየው ከበሩ አያሳልፈውም።

እሬቱ ተናደደ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሚናደድበት ሰው አለማግኘቱ ነው። በአምዱ ምክንያት አሮጌ ገዝተው የተቃጠሉ አንባቢዎች ሲጽፉለት ኖረዋል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ መምረጥ አላወቃችሁም፣ ሻጩ አታሏችኋል። ዛሬ እሱም መረጠ፤ መምረጥ የሚያውቀው እሱ።

ጽሑፉን አንዴ ቁጭ እንዳለ ጨረሰው። የግራጫዋን ጥፋት ሁሉ በስሙ ጠራ። ርካሽ ስለሆነች አልምራትም አለ፤ ደብዛዛ ስክሪን በርካሽ ተገዛም በውድ ዓይን ያደክማል። ከዚያ ቀጠለ፦ «እስከ ዛሬ ርካሽ ላፕቶፕን ስገመግም ከጎኑ ያስቀመጥኩት ቤቴ ውስጥ ሲታከም የኖረን አሮጌ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ገበያ ላይ በዚህ ዋጋ የለም። ከጎኑ መቀመጥ ያለበት አንባቢ ዛሬ በዚያው ገንዘብ፣ በዚያው ቀን፣ ይዞት ወደ ቤቱ የሚገባው ዕቃ ነው፤ ከነደከመ ባትሪው፣ ከሌለው ዋስትና ጋር። ያን ገዝቼ አየሁት። ግራጫዋ ትሻላለች። ጥሩ ስለሆነች አይደለም፤ ሌላው ስለባሰ ነው።»

ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ ከሁሉ በፊት አንድ መስመር ጨመረ፦ «ይህን ላፕቶፕ የምትሸጠው እህቴ ናት።»

ለእህቱ በስልክ አነበበላት፤ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ። ስክሪኗን ሲሰድብ ቀጥል አለችው። ማጠፊያዋን ሲያጣጥልም ቀጥል አለችው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ተሰማው፤ እግዜር ይስጥህ ጋሼ አለች፣ እንደ ልጅነቷ። ያኔ የመጀመሪያዋን መስመር አነበበላት።

«አውጣት» አለች።

«አላወጣትም።»

«ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ስታጣጥል አመኑህ። አንዴ እውነት ስትናገር እንዳያምኑህ ታደርጋለህ?»

«ያኔም እውነት ነበር የምናገረው።»

«አልነበረም። አሁን እኮ በዓይንህ አይተኸዋል።»

ስልኩን ዘጋችበት።

ዋና አዘጋጇ ከእሱ በዕድሜ ብዙ የምታንስ፣ ሰዓት የምትወድ ሴት ናት። ጽሑፉን አንብባ ወደደችው፤ የመጀመሪያዋን መስመር ስታይ መነጽሯን አወለቀች። እርስዎ ያልተጠየቁትን ምን አናገረዎት አለችው። ማንስ ያውቃል አለች። ነጋዴዎቹ በማግስቱ ያውቁታል፣ አንቺ ከነሱ አንድ ቀን ዘግይተሽ ታውቂያለሽ አላት። እንግዲያው ጽሑፉ ይቅር፣ ሌላ ላፕቶፕ ይገምግሙ አለች። እሱም አሰበበት፤ ማምለጫው ክፍት ነበር። ግን ጽሑፉ ከቀረ አሮጌውን ግዙ የሚለው ምክሩ እንደቆመ ሊቀር ነው፤ የምድር ቤቱ ነጋዴም ዕድሜ ሲመርቅለት ይኖራል። አይቀርም አለ። ማተሚያ ቤቱ እየደወለ ነበር፤ የኋላ ገጹ ባዶ ነበር። ዋና አዘጋጇ ፈረመችበትና ከነገ ጀምሮ የሚመጣውን ስድብ እርስዎ ነዎት የሚያነቡት አለችው።

አነበበው። «እሬቱ ማር ሆነ።» «እህት ያለው ሰው ስክሪን አይደበዝዝበትም።» «እኛም እህትህን እንወቃት፤ ለኛም ትራራልን።» ለዓመታት የጎመዘዘባቸው አስመጪዎች ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ቆርጠው በየስልኩ አሰራጩት። ከዚህ ሁሉ ስለ ስክሪኗ፣ ስለ ማጠፊያዋ የጻፈውን ያነሳ ሰው አልነበረም። አንድ የግል ትምህርት ቤት ለመምህራኑ ግራጫዋን ሊገዛ ከእህቱ ጋር ቃል ተገባብቶ ነበር። ርእሰ መምህሩ ደውለው ወሬ ያለበት ዕቃ አንፈልግም አሏት። ይህን ለእሬቱ የነገሩት እናታቸው ናቸው። ነግረውት ሲያበቁ አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ አሉት፤ መልስ ፈልገው አልነበረም።

የተሞከረችዋን ግራጫ ሊመልስላት ወደ ሱቋ ሄደ። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። የገዛ ጽሑፉ በትልቁ ተባዝቶ፣ በክፈፍ ገብቶ፣ መስታወቱ ላይ ተሰቅሏል። የመጀመሪያዋ መስመር የለችም። ቆራጩ ጎበዝ ነው፤ የጎደለ ነገር መኖሩ አያስታውቅም።

ገብቶ አውርጂው አላት።

«ጽሑፉ ያንተ ነው፤ መስታወቱ የኔ ነው» አለች። ቀና ብላ አላየችውም።

ሌባ ነሽ አላት። ሌባስ እንዳንተ የሥጋ ዘመዱን አይሰርቅም አለችው። ድምፃቸው ከፍ ሊል ሲል በሩ ተከፈተ። የሆስፒታል መለዮ ለብሳ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ነርስ ናት። ልጇ ኮሌጅ ልትገባ ነው። በመስታወቱ ላይ ያለውን አንብባ መግባቷን ተናገረች፤ እንዲህ ሰድቦ የሚያሞግስ ጽሑፍ አይታ እንደማታውቅም ጨመረች።

እሬቱ ዝም ማለት ይችል ነበር።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ወንድሟ ነኝ። እሱን መስመር ቆርጣ ጥላዋለች።»

እህቱ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀረች። ነርሷ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ እሷን አየች። ሁለቱም አንድ ዓይነት አገጭ አላቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት እልህ ወደ ፊት ገፍተውታል።

«ስክሪኗ ደብዛዛ ነው ብለሃል።»

«ደብዛዛ ነው።»

ነርሷ ወደ እህቱ ዞረች። «እውነት ነው?»

እህቱ እጇን ከጠረጴዛው ሰበሰበች። «ደብዛዛ ነው» አለች። «ጥላ ውስጥ ግን ይታያል። ባትሪዋ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ዓመት ሳይሞላት ብትበላሽ ይዘሽ ትመጫለሽ፤ እዚሁ ነኝ።»

ነርሷ አንዷን ግራጫ አስከፍታ በር ላይ ወስዳ አየቻት፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ መለሰቻት። ከዚያ እሬቱ ብብት ሥር ያለችውን በአገጯ አመለከተች። ሲፈትናት የከረመው ይቺን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ነው አላት።

«እንግዲያው ይቺን ስጡኝ» አለች። «ይሄ ሰውዬ ያልገደላትን ልጄ አትገድላትም።»

እህቱ ያገለገለች ናት፣ እንደ አዲስ አልሸጣትም አለች፤ ከዋጋው ቀነሰችላትና ጠቅልላ ሰጠቻት። ነርሷ ሁለቱን ተራ በተራ አመስግና ወጣች። ሱቁ ውስጥ የቀረው የመጠቅለያው ላስቲክ ጠረን ነው።

«አንዷን አሸጥከኝ» አለች እህቱ። «መጋዘኑ ውስጥ ግባና ስንቷን እንዳስቀረህብኝ እይ።»

አልገባም። ያንን መስመር መልሺው አላት፤ ነርሷ ሰምታም ገዝታለች እኮ። የገዛችው ነርሷ ናት፣ ትምህርት ቤቱ አይደለም አለችው። ከዚያ መጥረጊያ አንስታ እግሩ ሥር መጥረግ ጀመረች፤ እየጠረገች እስከ በሩ ሸኘችው። ጽሑፉ መስታወቱ ላይ እንዳለ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የኋላ ገጹ ላይ፣ ከአዲሱ ግምገማ በላይ፣ ሁለት መስመር ወጣ፦ «በእህቴ ሱቅ መስታወት ላይ የተሰቀለው ጽሑፌ መጀመሪያው ተቆርጧል። ግራጫዋ አሁንም ከገበያው አሮጌ ትሻላለች፤ እህቴ ግን ቆርጣዋለች።»

ክፈፉ በዚያው ቀን ወረደ። ግራጫዋ አንድ አንድ እያለች መሸጧን ከእናቱ ይሰማል፤ መጋዘኑ ግን ገና አልጎደለም። እሬቱ ርካሽ ላፕቶፕ በመጣለት ቁጥር ዋጋዋን ኪሱ ከቶ ምድር ቤት ይወርዳል። እሑድ እሑድ እናቱ ቤት የሚሄደው እህቱ በጠዋት መጥታ ከሄደች በኋላ ነው።